ዋጃ ላይ የቆመው ሞተር

አውሮፕላኑ ከዋጃ በስተምሥራቅ፣ ሊታጨድ በደረሰ ማሽላ መሃል በሆዱ ተኝቶ ነበር። ክንፎቹ አልተሰበሩም። ከኋላው ያለው አገዳ አጫጅ ያለፈበት ይመስል በረጅሙ ተነጥፏል። የመንደሩ ሰው ከዳር ቆሞ ያያል። ትናንት ጠዋት ሲወድቅ ያየው ላላየው ይተርካል፤ ያላየውም አሻሽሎ ለሚቀጥለው ያቀብላል።

መቶ አለቃ ወልደ ሚካኤል ከወልድያ የተላከ የወንጀል መርማሪ ነው። አውሮፕላን ይህን ያህል ቀርቦ አይቶ አያውቅም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዙሪያውን ዞረው። አንድን ነገር በዓይኑ ሳይጠግብ በእጁ አይነካም፤ የቆየ ልማዱ ነው።

አብሮት ያለው የቆቦ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ እንድሪስ፣ እዚያው ራያ ተወልዶ ያደገ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

«የአንበጣው ዓመት ሁሉን አሳየን፤ አንበጣውም ከሰማይ፣ መድኃኒቱም ከሰማይ፤ አሁን ደግሞ መድኃኒት ረጪው ራሱ ከሰማይ» አለ እንድሪስ።

ወልደ ሚካኤል የአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ያለውን ፕሮፔለር እያየ ነበር። ሁለት መቅዘፊያ አለው። የታችኛው አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ኋላ ታጥፏል። የላይኛው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ቆሟል፤ ጭረት እንኳ የለበትም።

«ሲያርፍ እየዞረ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ይታጠፉ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሞተሩ የቆመው መሬት ሳይነካ ነው።»

«እውነት ነው፤ አየር ላይ ነው የቆመው» አለ ከክንፉ ጥላ ሥር የተነሣ ሰው። አሥመራ ጣሊያኖች ዘንድ ሥራውን የተማረው የአውሮፕላኑ መካኒክ ሸረፈዲን ነበር። «አብራሪው ፓንዴሊም ደሴ ሆስፒታል ሆኖ በስልክ ያለው ይህንኑ ነው። ሲነሣ ደህና ነበር፤ ዋጃ ላይ ሲደርስ የዘይቱ መለኪያ ወደቀ፤ ወዲያው ሞተሩ ጮኸና ደረቀ። ፓንዴሊ ጎበዝ ነው፤ ሌላ ቢሆን እግሩን ብቻ ሰብሮ አይተርፍም ነበር።»

«ዘይት ፈሶበት ይሆን?»

ሸረፈዲን የዘይቱን ታንክ ክዳን ከፍቶ የመለኪያ ዘንጉን አወጣ። ዘንጉ እስከ ምልክቱ ድረስ ረጥቧል። «ሙሉ ነው። ይኸ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ዘይት አለ፤ ሞተሩ ግን በጥም ሞተ።»

ወልደ ሚካኤል ወደ ዘንጉ ጠጋ ብሎ አየ። ወዲያው ከኪሱ ክርና ቀይ የማኅተም ሰም አውጥቶ የሞተሩን ሽፋን አተመው። «እኔ ሳልኖር ማንም እንዳይከፍተው።»

«የሚከፈት ነገር ያለ አይመስላቸውም የወረዳው ገዥ፤ አውሮፕላኑን ጣለ ያሉትን ሰው አስረውታል» አለ እንድሪስ።

*

የታሰረው ታሂር የሚባል ንብ አርቢ ነው። ቆቦ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ በግንቡ ጥላ ተቀምጦ በጣቱ መሬት ይጭራል። ጢሙ ሽበት ነው። መርማሪው ሲገባ ሊነሣ ሞከረ።

«ይቀመጡ፣ አያ ታሂር። አውሮፕላኑ ይወድቃል ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ። አላህ ይጣልልኝ ብያለሁ። ገበያ መሃል ነው ያልኩት ጌታዬ። ሰው ሊገድል ያሰበ ገበያ መሃል ያወራል?»

«ለምን አሉ?»

ታሂር መጫሩን ተወ። «አንበጣ ብሎ የረጨው ንቦቼ ላይ ወረደ። ቀፎ ሄጄ ጆሮዬን ባስጠጋ ዝም። ቀፎ ዝም ሲል ሰምተው ያውቃሉ?»

መርማሪው ሰምቶ አያውቅም።

«አውሮፕላኑ ከመውደቁ በፊት የነበረውን ሌሊት የት ነበሩ?»

«የተረፉትን ቀፎዎች ወደ ዞብል ተራራ አወጣሁ። ንብ በቀን አይሸከሙትም።»

«ሲመሽ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሲያልፉ የታዩት ለዚህ ነው?»

«መንገዱ በዚያ ነው።»

«ዞብል ላይ ያየዎት ሰው አለ? ያነጋገሩት?»

«ቀፎ ትከሻው ላይ ያለ ሰው ያወራል?» አለ ታሂር። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ነገ ደሴ ትሄዳለህ ብለውኛል። ደሴ ወህኒ የገባ የእኔ ብጤ ሽማግሌ አይመለስም። እኔ እዚያ ስከርም ዞብል ላይ ያሉትን ማን ያያቸዋል?»

ወልደ ሚካኤል ከግቢው ሲወጣ እንድሪስ ጠበቀው።

«ገዥው በደሴው መኪና ይሳፈር ብለዋል፤ ነገ ከሰዓት በኋላ ያልፋል። ምስክርም አለ፤ ዛቻውን ቆቦ ሙሉ ሰምቷል። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። አውሮፕላኑን ሌሊት የሚጠብቀው በድረዲን የአያ ታሂር ልጅ ባል ነው።»

*

በድረዲን ባዶው ማረፊያ ዳር፣ ዘይት በርሜሉ ጥግ ጠመንጃውን አቅፎ ቆሟል። የሚጠብቀው ነገር ባይኖርም ሥፍራውን አልለቀቀም።

«ያን ሌሊት አልተኛህም?»

«አልተኛሁም ጌታዬ።»

«አማትህ አልመጡም?»

«ከመንገድ ሆነው ሰላም ብለውኝ አለፉ፤ ጀንበር እንደገባች። ቀፎ ይዘው ነበር።»

«ወደ አውሮፕላኑ መጥተው ቢሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር?»

በድረዲን ጥቂት አሰበ። «አልነግርዎትም ይሆናል። ግን አልመጡም።»

መርማሪው ይህን መልስ ወደደው። የሚዋሽ ሰው «እነግርዎታለሁ» ነበር የሚለው።

*

ከሰዓት በኋላ ዋጃ ተመልሰው ማኅተሙን ቆረጡ። ሸረፈዲን መጀመሪያ ከሞተሩ ጎን አንድ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ማጣሪያ ፈትቶ አወጣ፤ ለመርማሪው ሰጠው።

«ንጹሕ ነው» አለ ወልደ ሚካኤል።

«ከንጹሕም በላይ ደረቅ ነው። ዘይቱ ከታንክ ወጥቶ ፖምፓው ይገባል፤ ፖምፓው ገፍቶ ወደዚህ ማጣሪያ ይልከዋል፤ ከዚህ ወደ ሞተሩ። እዚህ ካልደረሰ የቀረው እዚህ ሳይመጣ መንገድ ላይ ነው።»

«ፖምፓው ጋ።»

«ወይ ፖምፓው ጋ፣ ወይ አፉ ላይ።»

«እንየው እንግዲህ።»

መካኒኩ ፈገግ አለ። «ሰው ሁሉ አውሮፕላን ሲያይ ከፊት ነው የሚያየው፤ ፕሮፔለሩን። ፖምፓው ያለው ከኋላ ነው፤ ሞተሩን ከገላው ነጥለን፣ የኋላ ቤቱን እንዳለ አውልቀን ነው የምናገኘው።»

ሦስት ረጃጅም እንጨት ተከሉና ሞተሩን በገመድ አሰሩበት። ገበሬዎቹ ያለ ጥሪ መጥተው ገመዱን ያዙ። ሸረፈዲን የነዳጁንና የዘይቱን ቱቦ ፈታ፤ ሽቦዎቹን ነቀለ፤ ሞተሩ ከማቀፊያው ተላቅቆ በገመዱ ላይ ሲወዛወዝ አንድ አዛውንት «እንደ ታረደ ሰንጋ» አሉና ሰውን አሳቁ።

የኋላ ቤቱ ማለት ከሞተሩ ጀርባ እንደ ድስት ክዳን የተገጠመ የብረት ሽፋን ነው። እሳት የሚሰጡት ማግኔቶዎች፣ ማስነሻው፣ የዘይት ፖምፓው፣ ሁሉም እርሱ ላይ ታስረው በውስጡ ባሉ ጥርሳም መዘውሮች ይዞራሉ። ሸረፈዲን ማግኔቶዎቹንና ማስነሻውን አወረደ። ከዚያ በሽፋኑ ዙሪያ ያሉትን ዳዶዎች በየተራ ፈትቶ፣ በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ሽፋኑ ግን አልንቀሳቀስ አለ።

እንድሪስ ካቻቢቴ አንሥቶ አቀበለው። «ፈልቅቀው በዚህ።»

«አይሆንም፣ ሃምሳ አለቃ። ሁለቱ ብረት የሚሳሳሙበት ፊት ልስልስ ነው። በዚህ ከጫርኩት ዕድሜ ልኩን ዘይት ሲያለቅስ ይኖራል።» የእንጨት መዶሻ አነሣና ዙሪያውን ቀስ እያለ፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ መታው። ከመታው ጎን ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ይመለሳል። በመጨረሻ ሽፋኑ እግር ከጭቃ ሲወጣ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ አሰማና ወደ መካኒኩ እጅ መጣ።

መዘውሮቹ አንድም ጥርስ አልጎደላቸውም። የፖምፓው ዘንግ አልተሰበረም። ሸረፈዲን ሽፋኑን ገልብጦ የፖምፓውን አፍ ወደ ብርሃን አዞረ። አፉ ላይ ትንሽ የሽቦ ወንፊት አለ። ወንፊቱ አይታይም። የሽቦውን ዓይን ሁሉ ቢጫ ነገር ደፍኖታል።

አሁን መርማሪው እጁን ፈታ። በጥፍሩ ጥቂት ቀርፎ በጣቶቹ መሃል አድበለበለው። ለሰለሰ፤ ተጣበቀ። ክብሪት ጭሮ አስጠጋው። የሸተተው የጧፍ ሽታ ነበር።

«ሰም» አለ።

ገበሬዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንድሪስ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። «ቀይ ቢሆን የእርስዎ ማኅተም ነው እንል ነበር፣ ጌታዬ። ይህ ግን የንብ ሰም ነው። አያ ታሂር አለቀለት።»

*

ወደ ቆቦ ሲመለሱ ወልደ ሚካኤል የፖምፓውን ወንፊት በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞታል። ጣቢያው ሲደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፈታው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

«ምን ያስቸግርዎታል? ሰም ነው፤ ሰም ያለው ደግሞ ንብ ያለው ነው» አለ እንድሪስ።

«ታሂር በምሽት መጣ እንበል። ሰሙን እንዴት ከተተው?»

«ክዳኑን ከፍቶ ጣለዋ።»

«የታንኩ አፍ ላይ ጣት የማያሳልፍ ወንፊት አለ፤ መካኒኩ ሲከፍተው አይቻለሁ። የተጣለ ሰም እዚያው ይቀራል። እዚያ ምንም የለም።» መሐረቡን አስጠጋለት። «ደግሞ እየው። የተጨመቀ አይደለም፤ ፈሶ የረጋ ነው። ውስጡ ደግሞ ነጭ ነጭ ምንድን ነው?»

እንድሪስ ዓይኑን አጥብቦ አየ። «ጥጥ መሰለኝ። የክር ብናኝ።»

«ቤት ሲመረግ አይተሃል?»

«ስንቱን መርጌ።»

«ጭቃው ብቻውን አይቆምም፤ ጭድ ነው የሚይዘው። እዚህም ክሩ ጭድ ሆነ፤ ሰሙ ጭቃ። ከክር ጋር ቀልጦ የገባ ሰም ነው። ታሂር በአንድ ትከሻው ቀፎ፣ በሌላ እጁ የሚፈላ ሰም ይዞ ከአማቹ ፊት ቆመ ልትለኝ ነው?»

እንድሪስ አገጩን አከከ። «ታዲያ ማን ነው?»

«ማን እንደሆነ አላውቅም። መቼ እንደገባ ግን የተሳሳትን ይመስለኛል። ሁላችንም ሌሊቱን እንፈልጋለን፤ ምናልባት በቀን ነው የገባው።»

*

በማግሥቱ ማለዳ ከዞብል በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ወልደ ሚካኤል መካኒኩን ማረፊያው ላይ አገኘው፤ ዛሬ ከኮምቦልቻ የሚመጣውን ሁለተኛ አውሮፕላን ይጠብቃል።

«አቶ ሸረፈዲን፣ ዘይቱን መጨረሻ የለወጥከው መቼ ነው?»

«ከመውደቁ በፊት በነበረው ቀን ማለዳ። ግን ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ሲረጭ ውሏል።»

«እንዴት እንደለወጥክ አሳየኝ። በአፍህ አትንገረኝ፤ አድርገው።»

ሸረፈዲን ግራ ገባው፤ ግን ታዘዘ። ከበርሜሉ በቆርቆሮ ዘይት ቀዳ። በድረዲን ከሰል አቀጣጠለለት፤ ቆርቆሮውን ጣደበት። «ማለዳ ወፍራም ስለሚሆን አሞቀዋለሁ፤ ቶሎ እንዲወርድ» አለ። ዘይቱ ሲሳሳ አወረደው። ከዚያ ከዕቃ ሳጥኑ ማንቆርቆሪያ አወጣ፤ ማንቆርቆሪያው ላይ አንድ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ዘረጋ።

«ቆይ። ይህ ምንድን ነው?»

«ማጥለያ። የሽቦ ወንፊቴ ተቀደደ፤ በርሜሉ ደግሞ የዚህ አገር አቧራ የማይገባበት ቀዳዳ የለውም። ንጹሕ ጨርቅ ፈልግልኝ አልኩት በድረዲንን፤ ይህን አመጣልኝ፤ ያን ቀን በአንዱ ጫፉ ነው ያጠለልኩት፤ ይኸኛውን ጫፍ ገና ዘይት አልነካውም። ከዚህ የነጻ ጨርቅ ቆቦ ውስጥ የለም።»

ወልደ ሚካኤል ጨርቁን ተቀብሎ ዳበሰው። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፤ ነጭ ነው፤ ግን ይደርቃል፣ ከጣት ይጣበቃል። ከበድረዲን የውኃ ቅል ጥቂት አንጠበጠበበት። ውኃው አልሰረገም። በጨርቁ ላይ እንደ ዶቃ ተንከባለለና ወደቀ።



«አጥልለው» አለ መርማሪው።

ትኩሱ ዘይት በጨርቁ አልፎ ባዶ ጣሳ ውስጥ ወረደ። ወልደ ሚካኤል ጣሳውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አቁሞ አጠገቡ ተቀመጠ። ሸረፈዲንም ቁጢጥ አለ። እንደ ሁለት ዓሣ አጥማጆች ጣሳው ላይ አፈጠጡ። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ደፈረሰ። ቆይቶ ከጣሳው ግድግዳ ላይ ቢጫ ስስ ነገር መያያዝ ጀመረ።

ሸረፈዲን ጣቱን አስገብቶ አወጣና ተመለከተው። ፊቱ አመድ መሰለ። «ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ሲሞቅ ሰሙም ቀልጦ አብሮ ይዞር ነበር። ሌሊት ሲበርድ ረጋ፤ ጠዋት ክሩን ይዞ ፖምፓው አፍ ላይ ተከመረ።» ወደ ሰማዩ አየ። «የሚመጣውንም በዚሁ ላጠጣው ነበር።»

መርማሪው ወደ ጠባቂው ዞረ። «በድረዲን፣ ጨርቁን ከየት አመጣኸው?»

«ከቤቴ» አለ በድረዲን ቀስ ብሎ። «ሰይዳ ናት የሰጠችኝ።»

*

ሰይዳ ጣቢያው በር ላይ ነበረች፤ ለአባቷ ምሳ ይዛ። ቀጭን ናት፤ ስታወራ ዓይኗን መሬት ላይ ትጥላለች። ወልደ ሚካኤል ጨርቁን ሲዘረጋው ወዲያው አወቀችው።

«የኔ ነው። ለአውሮፕላኑ የነጻ ጨርቅ ቢለኝ ከዚህ የሚነጻ አጣሁ። የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ ያገራችንንም ማሽላ የሚያድን ነው፤ ቡትቶ አይሰጥም አልኩ።»

«ምን ታጠልይበታለሽ?»

«ማር። ለብርዝ።»

«ታጥቧል?»

«እንዴታ። በቀዝቃዛ ውኃ ሦስቴ ነው የማለቀልቀው።»

«በሙቅ ውኃስ? በሳሙና?»

ሰይዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ሰው ምን ዓይነት ቤት እንዳደገ የገረማት መሰለች። «የማር ማጥለያ በሳሙና ይታጠባል እንዴ? ሽታው ማሩን ይገድለዋል። ሙቅ ውኃም አይነካውም፤ ነውር ነው።»

«ሰሙ ታዲያ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል።»

«ይቅር፤ ምን ይጎዳል? ሰሙ እኮ ነው ጨርቁን የሚያ—» አለችና ቆመች። ወልደ ሚካኤል ሌላ አልጠየቃትም። ሐሳቧ ወዴት እንደሚሄድ ፊቷ ላይ ታየው፤ ከጨርቁ ወደ ባሏ፣ ከባሏ ወደ አውሮፕላኑ፣ ከአውሮፕላኑ በሩ ውስጥ ወደ ታሰረው አባቷ።

የምሳውን ሳህን መሬት አስቀመጠችው። «የአባቴ ማር ነው» አለች። «የአባቴ ሰም ነው። እኔን ነው እንግዲህ የሚያስሩት?»

«ማንንም አላስርም» አለ። «ክፋት የሌለበት ነገር ወንጀል አይባልም። ለገዥው እኔ አስረዳለሁ፤ ጣሳውንም ጨርቁንም አሳያቸዋለሁ።»

*

ገዥውን ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ሁለት ጊዜ ጨርቁ ላይ ውኃ እንዲንጠባጠብ አዘዙ፤ ሦስተኛውን ራሳቸው አንጠበጠቡ። የደሴው መኪና ጥሩምባውን ነፍቶ ሲያልፍ አያ ታሂር ገና ግቢ ውስጥ ነበር፤ ግን የማንም እስረኛ አልነበረም።

እንድሪስ በሩን ከፈተለት። «አብሽር አያ ታሂር፣ ነጻ ነህ። ውጣ።»

ታሂር ግን አልተነሣም። «አልሀምዱሊላህ» አለ፤ ከዚያ ወደ መርማሪው ቀና አለ። «ሰም ተገኘ ሲሉ ሰማሁ። ሰሙን የከተተው ማን ነው ታዲያ?»

ወልደ ሚካኤል ወደ ሰይዳ ዞረ። ሰይዳ ከባሏ ኋላ ወጥታ ከአባቷ ፊት በርከክ አለች። ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም ነበር፤ ግን አንድም ነገር ሳትዘል ተናገረች፤ ጨርቁን፣ የሞቀውን ዘይት፣ ቀዝቃዛውን ውኃ።

ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጣት። «በሳሙና አላጠብሽውም?»

«አላጠብኩትም አባዬ።»

«በሙቅ ውኃም?»

«አልነካሁትም። እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው።»

ታሂር ጢሙን ዳበሰ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰይዳ የሚያለቅስ መስሏት እጁን ያዘችው። ወልደ ሚካኤል ግን ዓይኑን አየ፤ ሽማግሌው እየሳቀ ነበር።

«እኔው ነኛ» አለ ታሂር። «መቶ አለቃ፣ ሰውየውን አግኝተኸዋል። መኪናው ሳይርቅ ጥራው።»

ከዚያ የልጁን ትከሻ ተደግፎ ተነሣ፤ ምሳውን ተቀምጦ ሳይሆን ቆሞ ጎረሰ፤ የቸኮለ ሰው አጎራረስ ነበር። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«ቀጣዩ ሲመጣ፣ ሳይረጭ በፊት ሰው ይላክልኝ። ቀፎዎቼን በጨርቅ እሸፍናለሁ» አለ። «ጨርቅ እንደሆን፣ ከእናንተ የሚመለስ አንድ አለኝ።»

ከኮምቦልቻ በኩል ሁለተኛው አውሮፕላን ይሰማ ጀመር። ሁሉም ወደ ላይ አዩ። አያ ታሂር ግን ወደ ዞብል መንገድ ጀምሯል።